የአንጓች እንግዳ

ተረት ተረት!

የዝግባ ሥር የጉም በረት!

ጎሽ፣ እንዲያ በሉ። ቀረብ ቀረብ በሉና እሳቱን ክበቡት። አንቺ ደግሞ በሩን ገርበብ አድርጊው እንጂ አትቀርቅሪው። ለምን እንደሆነ ኋላ ትሰሚያለሽ።

በድሮ ዘመን ዝግባ ራስ የሚባል ተራራ ነበር። ከአናቱ እስከ ወገቡ ጫካ ነው። ዝግባው አለ፣ ወይራው አለ፣ ኮሶው አለ። ከጫካው በታች ማሳው ነው፣ ከማሳው በታች መንደሩ ነው፣ ከመንደሩ በታች ገደሉ ነው። ከገደሉም በታች፣ ወዲያ ወንዙ ዳር፣ የንጉሡ ከተማ ነው። በዚያ ተራራ እያንዳንዱ ቤት ከማሳው በላይ የጫካ ድርሻ ነበረው። ማገዶውን ከዚያ ይለቅማል፣ ቀፎውን ከዚያ ይሰቅላል፣ ለሞፈር የሚሆነውን እንጨት ከዚያ ይመርጣል። ግን አይታረስም። ለምን አይታረስም ብሎ የጠየቀም የለም። አባት አላረሰውም፣ ልጅም አያርሰውም፣ አለቀ።

በዚያ መንደር አንጓች የምትባል ባልቴት ነበረች። ልጅ አልወለደችም። ቤቷ ከሁሉ በላይ ነው፣ ጫካው አፍ ላይ። ባሏ ሲሞት የተወላት የጫካ ድርሻዋን፣ ዛፍ ላይ የተሰቀሉ ቀፎዎችንና አንዲት ምንጭ ነበር። ከቤቷ በታች ደግሞ ቁራሽ ማሳ ነበረቻት። እሷን የባሏ ወንድም ቢያድግልኝ በእኩል ያርስላታል። በእኩል ማለት ለአፍ ነው። ገብሱ ሲሰፈር የቢያድግልኝ እኩሌታ ሁልጊዜ ከአንጓች እኩሌታ ይበልጣል። እኔ አላልኩም፣ መንደሩ ነው ያለው።

የቢያድግልኝ ሚስት ስንዱ ትባላለች። ስንዱ ማለት አጥር ሥር ቆማ የሰው ወጥ አሽትታ ጨው እንዳነሰው የምትናገር ሴት ናት። እሷ ያላየችው ነገር በመንደሩ አልተደረገም ማለት ነው።

እናላችሁ፣ አንድ ክፉ ዘመን መጣና በቆላው ራብ ገባ። ንጉሡ በበቅሎ ሲሄድ አንዲት ሕፃን ከበቅሎው ፋንድያ ውስጥ ያልተፈጨ ገብስ ስትለቅም አየ። ንጉሡ ደግ ሰው ነበር። ከበቅሎው ወረደና አለቀሰ፦ «በእኔ ዘመን ይህን ሁለተኛ አላይም!» ብሎ ማለ። መኳንንቱን ሰበሰበ። መኳንንቱም፦ «ጃንሆይ፣ በደጋው ጦሙን የሚያድር መሬት ሞልቶ የለም ወይ? ዛፍ ብቻ የበቀለበት! ይታረስ» አሉት። ተራራውን ከሩቅ ነው እንጂ ከቅርብ ያየ ከመካከላቸው አልነበረም።

ከዚያም ነጋሪት ተጎሰመ። አዋጅ ነጋሪው በገበያ መሐል ቆመና እንዲህ አለ፦ «ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ አሰማ! ከእንግዲህ በግዛቴ መሬት ጦሙን አይደር! ማረሻ የነካው መሬት የባለቤቱ ነው። ሁለተኛው ክረምት እስኪወጣ ማረሻ ያልነካው ግን የንጉሥ ነው!»

 ገበያው በአንድ ጊዜ ተንጫጫ። በሚስቱና በርስቱ የመጣበትን ማን ዝም ይላል? ሰው ሁሉ የሚሸምተውን ሳይሸምት፣ የሚሸጠውንም ሳይጨርስ ወደ ቤቱ ሮጠ። ያን ዕለት ማታ በዝግባ ራስ የተሰማው የመጥረቢያ መሳል ድምፅ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ደቦ ተጠራ። ወንዱ ይቆርጣል፣ ሴቱ ጠላ ያመላልሳል፣ ልጁ ቅርንጫፍ ይጎትታል። አንጓች ቤቷ ተቀምጣ ትሰማለች። አንድ ዝግባ በወደቀ ቁጥር የተቀመጠችበት መደብ ይንቀጠቀጣል። «ይኸ የእነ እከሌ ነው፣ ይኸ ደግሞ የእነ እከሊት» ትላለች። ዛፎቹን እንደ ጎረቤት በድምፃቸው ታውቃቸዋለች።

ቢያድግልኝ መጣና ደጇ ቆመ።

ቢያድግልኝ፦ «እትዬ አንጓች፣ ምን ትጠብቂያለሽ? የወንድሜ ርስት ለንጉሥ ሊገባ ነው። ጠላውን አንቺ ጥመቂ፣ ደቦውን እኔ እጠራለሁ።»

አንጓች፦ «ንቦቹስ?»

ቢያድግልኝ፦ «ንብ ሰማይ ጠቧት ያውቃል? ሌላ ቦታ ትሂዳ!»

አንጓች፦ «እኔስ የት ልሂድ?»

ቢያድግልኝ፦ «አንቺማ እዚሁ! እኔ አርሼ በእኩል እያበላሁሽ።»

በእኩል ሲል ሳቋ መጣ፣ ግን አልሳቀችም። ፈርታለች። በሬ የላት፣ ወንድ ልጅ የላት፣ ሴት ደግሞ ሞፈር አትይዝም። መሬቱ ከተነጠቀ የባሏ መቃብር እንኳ የሰው መሬት ላይ ሊቀር ነው። ስለዚህ እሺ አለችና ለደቦው ጠላ ጌሾዋን ወቀጠች፣ ብቅሏንም ፀሐይ ላይ አሰጣች።

ብቅሉ ሳይደርቅ፣ አንድ ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ከደጅ ድምፅ ሰማች። ቅጠል ለቅጠል እንደሚያንሾካሹከው ያለ ቀስ ያለ ድምፅ ነው።

«ቤቶች! የመሸበት እንግዳ አሳድሩ።»

አንጓች ወጣች። አንድ ረጅም ሽማግሌ ቆሟል። ጢሙ ነጭ፣ ጋቢው ነጭ ነው። የጋቢው ጫፍ ረዝሞ ረዝሞ በመሬት ይጎተታል። በጋው ከርሯል፣ ዝናብ ከጠፋ ሰንብቷል፣ የሰውዬው ጋቢ ግን ይንጠባጠባል! የቆመበት አቧራ ረጥቧል።

አንጓች፦ «ቤት የእግዜር ነው፣ ይግቡ» አለች። ስሙን አልጠየቀችም። በዚያ አገር እንግዳ እግሩ ይታጠባል እንጂ ስሙ አይጠየቅም።

ከዚያም ገበቴዋን አወጣች። እንስራዋ ውስጥ የቀራት ጥቂት ውኃ ነበር፣ እሱኑ ለብ አድርጋ ገበቴው ላይ ገለበጠችና ተንበርክካ እግሩን ያዘች። ወይ ጉድ! እግሩ እንደ ውርጭ ይቀዘቅዛል። እጇ ደነዘዘ። አንዴ አሸችው፣ ውኃው ከፍ አለ። ደግማ አሸችው፣ ገበቴው ግማሽ ሆነ። ያቺ ጥቂት ውኃ ሞላች፣ ሞላችና ፈሰሰች፣ በደፉ ላይ አልፋ ጓሮዋ ገባች። የደረቀው ጎመኗ ቀና ሲል በዓይኗ አየችው።  አንጓች ግን እንደ ወጉ ጉልበቱን ስማ ተነሣች። ቂጣና ማር አቀረበችለት።

እንግዳው፦ «ቤትሽ መልካም ነው፣ ልጄ። እኔ ግን ጣሪያ ሥር አልለመድኩም። ከዝግባዎችሽ ሥር ልደር።»

አንጓች፦ «ጅብ አለ፣ አባቴ!»

እንግዳው፦ «ጅቡ ያውቀኛል። ድሮ በዚህ ተራራ ያላደርኩበት ደጅ አልነበረም። አሁን በሄድኩበት ሁሉ መደቤ ተነሥቷል። ምን እንዳጠፋሁ እንጃ።»

አንጓች አዘነችለት። ልጆቹ ክደውት፣ ምራቶቹ አባረውት የሚንከራተት ሽማግሌ መሰላት። እናም፦ «እኔ በሕይወት እያለሁ መደብዎ አይነሣም» አለችው።

«አሜን» አለ።

አያችሁ፣ በዚያ አገር ባለቤት «መደብህ አይነሣም» ብሎ እንግዳ «አሜን» ካለ፣ አበቃ። ያን ቃል ያፈረሰ ሰው ለቅሶው ላይ እንኳ ጎረቤት አይደርስለትም።

ሲነጋ አንጓች ቁርስ ይዛ ጫካ ገባች። ሽማግሌው የለም። ዱካውም የለም። ግን ጫካው በሙሉ ይንጠባጠባል። ከእያንዳንዱ ቅጠል ጫፍ አንዳንድ ጠብታ ተንጠልጥሏል፣ በየጠብታው ውስጥ ትንሽ ፀሐይ አለች። የዝግባዎቹ ግንድ እንደ ታጠበ ፊት ያበራል። ምንጯ ትናንት ታንሾካሹክ የነበረችው ዛሬ ትዘፍናለች። አንጓች ቂጣዋን እንደያዘች ቆመች። መራመድ አፈረች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በጫማ የገባች መሰላትና ጫማዋን አወለቀች።

ወደ ቤት ተመለሰችና ብቅሏን ሰብስባ ለዶሮዎቹ በተነችው። ቢያድግልኝንም፦ «ደቦው ይቅር፣ እንግዳ አለኝ» አለችው።

ከዚያ ወዲያ ሽማግሌው ማታ ማታ ይመጣል። እሷም እግሩን ታጥባለች። ማን እንደሆነ ጠርጥራለች፣ ግን ለራሷም ጮክ ብላ አትናገረውም።

ስንዱ ግን መቼ ዝም ትላለች! በአጥሩ ቀዳዳ አየችና ገበያ ወረደች፦ «ሰማችሁልኝ? አንጓች ጫካ ውስጥ ሽማግሌ ወንድ ሸሽጋለች! ደቦ እምቢ ያለችው ለካ ለዚህ ኖሯል! ጋቢው ደግሞ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፣ ማን እንደሚያጥብለት እንጃ!» ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ።

ቢያድግልኝ ግን አልሳቀም፦ «ምን ውሽማ ትላላችሁ! የንጉሥ ሰላይ ነው እንጂ! ከኋላው በመሬት የሚጎተተውን ነጭ ነገር አላያችሁም? መሬት መለኪያ ገመድ ነው። ያልታረሰውን እየለካ ነው» አለ።

ወሬው ከእሳት ፈጥኖ ተዳረሰ። ሰውም ሁሉ አመነ። አሁን ጉዱን ስሙ። ሽማግሌው ፀሐይ ስትጠልቅ ከጫካ ጫካ ይዞራል፣ የድሮ ማደሪያዎቹን ይፈልጋል። ሰዎቹም ያዩታል። «ትናንት በወይራዬ ሥር ቆሞ ነበር፣ ሊለካብኝ ነው» ይላል አንዱ፤ ሲነጋ ወይራውን ይጥላል። «በእኛ ኮሶ ሥር ተቀምጦ ታየ» ይላል ሌላው፤ ለምሳ ሳይደርስ ኮሶው ይወድቃል። ምስኪን እንግዳ! ጎኑን ያሳረፈበት ቦታ ሁሉ በማግስቱ ይፈርሳል።

በየደጁም ቆሞ «አሳድሩኝ» አለ። ያ እንግዳ አሳዳሪ መንደር፣ የመሸበትን ነጋዴ እየተሻማ የሚያስገባው መንደር፣ በር ዘጋበት። ቢያድግልኝ በበሩ ስንጥቅ፦ «ቤት የለም! ሕፃኑ ፈንጣጣ ይዞታል!» አለው። ሕፃኑ በዚያች ሰዓት ከኋላው ቆሞ ቆሎ ይቆረጥም ነበር።

ሽማግሌው፦ «እግዜር ይማርልህ» ብሎ ሄደ።

ክረምት ገባ። በአዲሱ መሬት የተዘራው ገብስ እስከ ደረት ደረሰ። እውነቱን መናገር ነው፣ እንደዚያ ያለ አዝመራ አልታየም። ጎታው ሞላ፣ የሌለው አዲስ ጎታ ለሰነ። የንጉሡ በቅሎዎች ተጭነው ተጭነው ወረዱ። በቆላው የተራበ ሕፃን ጠፋ። ንጉሡም ደስ አለው፣ መኳንንቱንም ሸለመ። በዝግባ ራስ ደግሞ ልጃገረዶቹ እንዲህ እያሉ ዘፈኑ፦

«ሁሉም አረሰና ጎታው ሞላለት፣
አንጓች ለሽማግሌ ጫካ አነጠፈችለት።»

አንጓች ሰማች። አንገቷን ደፋችና ቀፎዋን ልታይ ሄደች።

ሁለተኛው ክረምት መጣ። ዝናቡ እንደ ድሮው እየተንጠባጠበ አልመጣም፣ እንደ ወንበዴ ነው የመጣ። የሚያረጋጋው ቅጠል የለ፣ የሚይዘው ሥር የለ፤ ራቁቱን መሬት ገረፈው። ትልሙ ቦይ ሆነ፣ ቦዩ ገደል ሆነ። ሰው ማለዳ ሲወጣ ማሳው የለም፣ ከጎረቤቱ ማሳ በታች ጭቃ ሆኖ ተቆልሏል። ጥቁሩ አፈር ወረደና የተራራው አጥንት ወጣ። ከዚያ ዝናቡ በድንገት ቆመ። ቆመ ስላችሁ፣ በቃ ቆመ። ድሮ በየማለዳው ተራራው ላይ ይተኛ የነበረው ጉም ጠፋ። ምንጮቹ እንደ ሽማግሌ ጥርስ አንድ በአንድ አለቁ። የማዶ ሰዎች በገበያ፦ «ደኅና ዋላችሁ፣ የራሰ በራ ሰዎች!» እያሉ አላገጡባቸው።

የቀረችው የአንጓች ምንጭ ብቻ ነበረች። ሴቶቹ ሁሉ እንስራ አዝለው ወደዚያ ወጡ። ስንዱም ፊቷን በነጠላ ሸፍና መጣች። አንጓች አወቀቻት። እንስራዋን ተቀብላ ሞላችላት።

ስንዱ በነጠላዋ ውስጥ ሆና፦ «ሽማግሌሽ ደኅና ነው?»

አንጓች፦ «ደኅና ነው። ሰላም ይልሻል።»

ስንዱ እንስራዋን አዝላ ወረደች። ስንዱ ወሬ ሳትይዝ የወረደችው በዕድሜዋ ያን ቀን ብቻ ነው ይባላል።

ሁለተኛው ክረምት ወጣ። የአዋጁ ቀን ደረሰ። የመንደሩ ጭቃ ሹም አሰጌ፣ የንጉሥን ትእዛዝ የሚያደርሰው ማለት ነው፣ ወንዶቹን መጥረቢያ አሲዞ ማለዳ ወደ አንጓች ጫካ ወጣ። አሰጌ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ሹመቱን የሚፈራ ሰው ነበር። ቢያድግልኝ ከፊት ከፊት ይሄዳል። ጫካው ለንጉሥ ሲገባ የሚያርሰው እሱ እንዲሆን አስቀድሞ ለምኗል። ሴቶቹም ከኋላ ተከተሉ፣ ለምንጩ ሰግተው። ቢያድግልኝ፦ «ምንጩ ምን ይሆናል? ውኃ ከመሬት ነው የሚወጣ፣ ከዛፍ ላይ አይወርድ!» አላቸው።

አንጓች ከጫካው አፍ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ገበቴዋን ይዛለች።

አሰጌ፦ «አንጓች፣ እኔ ምን ላድርግ? የታዘዝኩትን ነው። ማረሻ ያልነካው የንጉሥ ነው።»

አንጓች፦ «ሰምቻለሁ። ግን እንግዳ አለኝ። እንግዳ ተኝቶበት ሳለ ጣሪያ የሚነቀለው በየት አገር ነው?»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «እውነቷን ነው፣ እንግዳ እያለማ አይሆንም» ተባባሉ። እጃቸውም በመጥረቢያው ላይ ላላ።

ቢያድግልኝ፦ «ታዲያ ይውጣና እንቁረጠው!»

ስንዱ፦ «እሰይ! ዛሬ ሽማግሌውን በፀሐይ ልናየው ነው!»

አሰጌም እጁን ወደ አፉ አደረገና ተጣራ፦ «አንተ የእንግዳ ሰው! በንጉሥ አምላክ፣ ውጣ!»

ወፎቹ ዝም አሉ። ንቦቹ ዝም አሉ። ቅጠል አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ከጫካው ሆድ ብርድ መጣ፣ የእንስራ ትንፋሽ የመሰለ ብርድ። በሁለት ዝግባ መሐል የነጭ ጋቢ ጫፍ ታየ። ከዚያ በሌሎች ሁለት መሐል፣ ከዚያ በሁሉም መሐል። ሰው የወጣ አይመስልም ነበር፣ ጫካው የተነፈሰ እንጂ። ጋቢው ሰፋ፣ ሰፋ፣ ዛፎቹን አለፈ፣ አጥሩን አለፈ፣ ሰዎቹን ዋጠ። ጉም ነበር! ተራራው በሙሉ ካባረረው ጀምሮ በየት አድሮ በየት እንደዋለ ያላወቁት፣ የአባቶቻቸው ጉም ነበር!

ሰው የገዛ እጁን ማየት አቃተው። ጢሙ ረጠበ፣ ቅንድቡ ረጠበ፣ የመጥረቢያው እጀታ ከእጁ አዳልጦት ወደቀ። ሕፃናቱ አፋቸውን ከፍተው ጠጡት። ከዚያ በእያንዳንዱ ሰው ጆሮ ድምፅ መጣ፦ «ቤቶች፣ የመሸበት እንግዳ አሳድሩ።» እያንዳንዱም ሰው በዘጋው በር ስንጥቅ ሰምቶት የነበረው ያ ድምፅ መሆኑን አወቀ። ነጩ ገመድ ገመድ እንዳልነበረ አወቀ። ሰላይ ያሉት ማን እንደነበረ አወቀ።

ቢያድግልኝን ግን ሌላ ነገር ነበር የጠየቀው። በጆሮው ቀርቦ፣ በርኅራኄ፦ «ሕፃኑ ዳነልህ ወይ?» አለው።

ቢያድግልኝ በጉልበቱ ወደቀና እንደ ሕፃን ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

ጉሙ ቀስ ብሎ ተሰበሰበና ወደ ጫካው ተመለሰ። ፀሐይ ወጣች። የተሰነጠቀው መሬት ጠቁሮ፣ ረጥቦ ይጤሳል።  አሰጌ ወደ አንጓች ቀረበና፦ «እኔ... እኔ እኮ አዋጅ መሻር አልችልም» አለ። 

አንጓች፦ «አትሻር። ጫካው የንጉሥ ይሁን። ግን እንግዳ ያለበትን ቤት የወረሰ እንግዳውንም ይወርሳል። ከእንግዲህ እግሩን ማጠብ የንጉሥ ተራ ነው። ይኸውልህ፣ አድርስልኝ» ብላ ገበቴዋን ሰጠችው። ትናንት ማታ እግሩን ያጠበችበት ውኃ አለበት። ይህን ብላ ፊቷን አዞረች። የባሏን ዛፎች በገዛ አፏ ሰጥታለችና እንባዋን ሰው እንዲያይባት አልፈለገችም።

አሰጌ ገበቴውን በራሱ ላይ ተሸክሞ ወረደ። በየመንገዱ የተጠማ ሰው አገኘ፣ ለሁሉም አጠጣ። ውኃው አልጎደለም። አሰጌ ከፍርሃቱ የተነሣ ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

በንጉሡ ከተማስ ምን ነበረ? ጎተራው እስከ አፉ ሞልቷል፣ ወንዙ ግን ደርቋል። ዱቄት ሞልቶ የሚያቦካ ውኃ ጠፋ። ሕፃናቱ ጥሬ ገብስ ይዘው፣ ምራቃቸው ደርቆ መዋጥ አቅቷቸው ያለቅሳሉ። ንጉሡ ይህን እያየ ተቀምጦ ሳለ አሰጌ ገባና የሆነውን ሁሉ ነገረው። መኳንንቱ ሳቁ። ንጉሡ ግን ጎንበስ ብሎ ገበቴውን አየ። በውኃው ውስጥ የራሱን ፊት ሊያይ ነበር፣ ያየው ግን የዝግባ ጥላ ነው። ነፋስ ሲያወዛውዘው አየ። ንጉሡ ብድግ አለ።

ወደ ተራራው ወጣ። መንገዱ ገደል ሆኗልና በቅሎው እምቢ አለች፣ በእግሩ ወጣ። የተራራውን አጥንት በእጁ እየዳሰሰ ወጣ። ፀሐይ ስትጠልቅ አንጓች ደጅ ደረሰ። አንጓች ልትሰግድ ስትል ከለከላትና፦ «እናቴ፣ ውኃ አሙቂልኝ፣ እግር እንዴት እንደሚታጠብ አሳይኝ» አላት። ካባውን አወለቀና ተንበረከከ።

ሽማግሌው መጣ። ንጉሡ ያን ቀዝቃዛ እግር ያዘ። እጁ ደነዘዘ፣ ግን አልለቀቀም።

ንጉሡ፦ «አባቴ፣ እኔ እኮ ሕፃናቱ እንዳይራቡ ብዬ ነበር።»

እንግዳው፦ «አውቃለሁ፣ ልጄ። ያቺ ሕፃን ገብስ ስትለቅም እኔም ከላይ አይቻታለሁ። ክፋት አልነበረብህም። መሬቱ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ መሰለህ፣ እሱ ግን እኔን ሲያስተናግድ ነበር።»

ገበቴው ሞላ። ፈሰሰ። በደፉ አለፈ፣ በጓሮው አለፈ፣ ገደሉን ወረደ። ሲነጋ ከታች ከከተማው እልልታ ተሰማ። ወንዙ መጥቶ ነበር።

ከዚያም ነጋሪት እንደገና ተጎሰመ፦ «ያረሰ በእህሉ ይገብር! ጉም ያሳደረ ግን በውኃው ገብሯል፣ ሌላ አይጠየቅ! ከየማሳው በላይ የእንግዳ መደብ ይኑር፣ እሱን በማረሻ የነካ በእኔ ላይ እጁን አነሣ!» የአንጓች ጫካም ለአንጓች ተመለሰላት።

አዋጅ እንግዲህ በአንድ ቀን ይለወጣል። ዝግባ ግን በአንድ ቀን አይበቅልም። ወንዶቹ ዘሩን ከአንጓች ዛፎች ሥር እየለቀሙ ተከሉ። ቢያድግልኝ ከሁሉ በላይ ተከለ፣ ውኃውንም በትከሻው እያመላለሰ አጠጣ። ከጥላው ሥር ሳይቀመጥ ግን ሞተ። ጉሙ ማታ ማታ ይመጣና በራሰ በራው ተራራ ላይ ጥቂት ይቆማል፣ ቤቱ የጠፋበት ሰው መስሎ። ያኔ ስንዱ ደጇ ላይ ቆማ፦ «ግቡ እንጂ አባቴ! ችግኙ ትንሽ ነው፣ ጠበብ ብሎ ማደር ነው!» ብላ ትጣራለች። ያ ምላሷ በመጨረሻ ለደግ ሆነ።

አንጓችም አረጀች። ጉልበቷ አልታጠፍ ብሎ እግር ማጠብ አቃታት። አንድ ማታ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ገበቴዋን አቅፋ ደጇ ተቀምጣ ሳለ፣ እንግዳው መጣ። አልገባም፣ ደጅ ቆመ።

አንጓች፦ «ይግቡ አባቴ፣ መደብዎ አልተነሣም።»

እንግዳው፦ «ስታሳድሪኝ ኖርሽ። ዛሬ ደግሞ እኔ ላሳድርሽ።»

ከዚያም ጎንበስ አለና ገበቴውን ከእጇ ተቀበላት። የአንጓችን እግር፣ ያን ተራራ ሲወጣ ሲወርድ የተሰነጠቀ እግር፣ እሱ ራሱ አጠበላት። ጎረቤቶቹ በየደጃቸው ቆመው አዩ። የጋቢውን ጫፍ ሲያለብሳት አዩ። ነጭ ሆነ፣ ሁሉ ነጭ ሆነ። ሲገልጥ ገበቴው ብቻ ደጁ ላይ ነበር፣ እስከ አፉ ሞልቶ።

እስከ ዛሬ በዚያ አገር ማታ ጉም ሲወርድ በር የሚቀረቅር የለም። ገርበብ ነው የሚያደርጉት። አየሽ፣ ልጄ?

ተረቴን በልባችሁ አሳድሩ፣ አፌን በማርና በዳቦ አብሱ። እኔን ግን ራት ሳታበሉ እንዳታሳድሩኝ!